ኢንዲያና የሄደው ሰዓት

ጋሽ ሳህሌ ወልደየሱስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር ነበሩ። በወጣትነታቸው አሰብ ድረስ ተሳቢ ነድተዋል። ዲቪ ደርሷቸው ኮሎምበስ ከገቡ በኋላም መጀመሪያ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ቀጥሎ የአረጋውያን ማመላለሻ ቫን ሲነዱ ቆይተው ጡረታ ወጡ። በእሳቸው እምነት ፈጣሪ ለሰው እግር የሰጠው ነዳጅና ፍሬን እንዲረግጥበት ነው። ኖርዝላንድ ካለው አፓርታማቸው እስከ ፖስታ ሳጥኑ መቶ ሜትር አይሞላም። እሳቸው ግን በመኪና ይሄዱና ሞተሩን ሳያጠፉ፣ በመስኮት እጃቸውን ሰደው ደብዳቤያቸውን ይወስዱ ነበር።

ካቻምና መጋቢት ላይ ስኳራቸው ከፍ አለ። ዶክተሩ በቀን ስምንት ሺህ እርምጃ አዘዘላቸው። አንድያ ልጃቸው ሶልያና አፐር አርሊንግተን የምትኖር ፋርማሲስት ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷን የምትጠብቀው እንደ ዓይኗ ብሌን ነው። በነጋታው ሰዓት ገዝታ መጥታ እጃቸው ላይ አሰረችላቸው። ሰዓቱ የራሱ የስልክ መስመር አለው፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ ያሉበትንም ቦታ ለሶልያና ስልክ ይናገራል።

«አባዬ፣ ቻርጅ ስታደርገው ካልሆነ በቀር አታወልቀውም እሺ?»

«ይሄ ሰዓት ነው ፖሊስ?»

«ሁለቱም።»

የመጀመሪያው ሳምንት የፈተና ነበር። ሶልያና በየማታው እየደወለች «አባዬ፣ ዛሬ አራት መቶ ስድስት! ኤር ዩ ኪዲንግ ሚ?» ትላለች። ጋሽ ሳህሌ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዜና እያዩ እጃቸውን እንደ እርግብግቢት እያወዛወዙ ሞከሩ። ሰዓቱ አልተሸወደም፤ ትከሻቸው ግን ለሦስት ቀን ታመመ።

መፍትሔው የመጣው ከታችኛው ፎቅ ነው። እዚያ ታንካ የሚባል ጎረቤት አላቸው። ሂማላያ ተራራ ላይ ተወልዶ ያደገ፣ ስድሳን የተሻገረ፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ሰው ነው፤ ከልጁና ከምራቱ ጋር ይኖራል። ዝናብ ዘነበ በረዶ ወረደ፣ ታንካ በየማለዳው አለም ክሪክ የሚባለው ወንዝ ዳር ያለውን ጫካ ዞሮ ነው ቁርሱን የሚበላው። ሁለቱ ሰዎች የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። የሁለቱም እንግሊዝኛ ሰባራ ነው፤ ስብራቱ የተለያየ ቦታ ስለሆነ ግን ሲገጣጠም አንድ ሙሉ ወሬ ይወጣዋል።

«ታንካ ወንድሜ፣» አሉ ጋሽ ሳህሌ አንድ ቀን፣ «አንተ መሄድህ ካልቀረ ይቺን ሰዓት አብረህ ብታንሸራሽራትስ?»

ታንካ ሰዓቱን አየ፣ ጋሽ ሳህሌን አየ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለቴ የሚነገረው ሰው አልነበረም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰዓቱ ማታ ቻርጅ ተደርጎ በር እጀታው ላይ ይንጠለጠላል። ታንካ ማለዳ ይወስደዋል፣ ረፋድ ላይ ይመልሰዋል።

የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ሶልያና በደስታ አለቀሰች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትነግር ወሬው ተዛመተና ጋሽ ሳህሌ የአረጋውያን የእግር ጉዞ ቡድን መሪ ሆነው ተመረጡ። እሳቸውም አላፈሩም። ከቡና በኋላ አዛውንቶቹን ሰብስበው «ዋናው ጫማ ነው። ቀጥሎ ትንፋሽ። እኔ ዳገት ላይ በአፍንጫዬ ነው የምተነፍሰው» እያሉ ይመክሩ ጀመር።

ነገሩ የተበላሸው ሰኔ ላይ፣ ሐኪም ቤት ነው። ስኳሩ እንዲያውም ጨምሯል። ዶክተሩ የእርምጃውን ቁጥር አየ፣ የደሙን ውጤት አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ሰው በቀን ይህን ያህል ተራምዶ ስኳሩ ካልወረደ ነገሩ ሌላ ነው» አለና ሰባት ብልቃጥ ደም አስቀዳ፣ ሁለተኛ ክኒን ጨመረ፣ ከሩብ እንጀራ እንዳያልፉ አዘዘ። ጋሽ ሳህሌ ሊናዘዙ አፋቸውን ከፈቱ። ሶልያና ግን እጃቸውን ይዛ «ሂ ዎርክስ ሶ ሃርድ» ስትል ዶክተሩን በኩራት ታየው ነበር። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ።

ጥቅምት ሲገባ ታንካ በራቸውን አንኳኳ። የእህቱ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ማክሰኞ ይሄዳል፣ አንድ ወር ይቆያል።

«የት ነው ሠርጉ?»

ታንካ ነገራቸው። ጋሽ ሳህሌ የሰሙት «ኢንዲያና» ነው። ጎረቤት ስቴት ናት፤ በቫኑ ዘመን ስንቴ ተመላልሰውባታል።

«ሰዓቱን ከነቻርጀሩ ይዘህ ሂድ!»

ታንካ አመነታ። «ሩቅ ነው። ሦስት» አለና ሦስት ጣቱን አሳያቸው።

«አውቃለሁ፣ ሦስት ሰዓት ነው! ምን አላት!»

ታንካ ሊያሳያቸው የፈለገው ሦስት አውሮፕላን ነበር። ሰዓቱን ተቀብሎ ሄደ። ጋሽ ሳህሌ ደግሞ ለሶልያና ደውለው «ታንካ ሠርግ አለው። ኢንዲያና አብሬው ልሄድ ነው፤ አንድ ወር ያህል እንቆያለን» አሏት። አንድ ወር ሙሉ ቁጥጥር የለም። ያኔውኑ ሞርስ ሮድ ነድተው ከሱማሌዎቹ ምግብ ቤት አንድ ሙሉ ሳህን ሩዝና ፍየል ገዝተው ቤታቸው ይዘው መጡ፣ ከሩዙ ጋር የሚሰጠውን ሙዝም ሳያስቀሩ በሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ፒጃማቸውን እንደለበሱ ሶፋ ላይ ተጋድመው ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ደህና አደርክ? የት ነህ?»

«ኢንዲያና ነኛ!»

«ኢንዲያና የቱ ጋ?»

«እ... ዳር ዳሩን ነው። ገጠሩ። ሠርጉ ያለው ገጠር ነው።»

«አየሩ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ይበርዳል።»

«ተራራ አለው?»

ጋሽ ሳህሌ አሰቡ። ኢንዲያና እንደ ምጣድ የተዘረጋች ሜዳ ናት። «ኧረ ምን ተራራ አለ! ሜዳ ነው እንጂ።»

«ይገርማል» አለች ሶልያና። «ስልኬ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነህ ይላል። ሂማላያ። ህንድ አገር። ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ እየተራመድክ ነው። ልብህም በደቂቃ መቶ አሥር እየመታ ነው።»

ጋሽ ሳህሌ ልባቸውን ዳበስ አደረጉ። አሁን ከዚያም ሳይበልጥ አልቀረም።

«እና አባዬ፣ እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናህ አጠገብ ቆሜያለሁ። በሩን ትከፍትልኛለህ?»

ከፈቱ፤ ምን ያድርጉ! ሶልያና ገብታ ፒጃማውን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ የተረሳውን የፍየል አጥንት አየች። ስልኳን አውጥታ ሰዓቱ ላይ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። መጀመሪያ የውሃ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ አንዳች ነገር ዛፍ ላይ አንቋረረ፣ ከዚያ የሚያለከልክ ድምፅ መጣ።

«ሄሎ ሶልያና! አባ ጥሩ ነው! አባ አሁን ይራመዳል! ብዙ ይራመዳል!»

«አባን ታቀርብልኛለህ?»

ውሃው ብቻ ይጮኻል። «አባ... ዛፍ ኋላ ነው። ሽንት።»

ጋሽ ሳህሌ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ታንካ ወንድሜ፣ ተወው፣» አሉ በጣታቸው መካከል፣ «አልቋል። አጠገቤ ቆማለች።»

ሶልያና እስከዚያ ድረስ ተቆጥታ ነበር። «ሽንት» የሚለው ግን አላስቻላትም። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈች፣ በመጨረሻ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ታንካም ከወዲያ ማዶ ስቆ ሲያበቃ በራሱ ስልክ በቪዲዮ ደወለና ያለበትን አሳያቸው። ትንሽ መናፈሻ ናት፤ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ሰው ተጠርቶ ይሰማል። ዝግባና ጥድ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ነጭ ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላጋ ይወርዳል፤ አጥሩ ላይ ሦስት ጦጣዎች እንደ ሽማግሌ ተደርድረዋል። ጋሽ ሳህሌ እጃቸውን ከፊታቸው ላይ አንስተው ወደ ስልኩ ተጠግተው አዩ።

«ውሃው ይበርዳል?» ብለው ጠየቁ።

«ና እና ንካው» አለ ታንካ።

የሶልያና ፍርድ አጭር ነበር። ለዶክተሩ ራሳቸው ይናዘዛሉ፤ ለቤተ ክርስቲያኑም ቡድን እንዲሁ። ዶክተሩ ሁሉንም ሰምቶ፣ ሁለተኛውን ክኒን ሰርዞ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ፈገግታ ሳያሳይ «እና የታንካ ስኳር እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። አዛውንቶቹ ግን ከሥልጣናቸው አላወረዷቸውም። ከመካከላቸው ሁለቱ ለብቻቸው ጠጋ ብለው፣ ታንካ ተጨማሪ ሰዓት ይይዝ እንደሆነ እንዲጠይቁላቸው ለመኗቸው።

መናፈሻዋ ከጋሽ ሳህሌ ዓይን አልጠፋችም። ለምን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁም፤ ያን ያህል አገር ሲነዱ መኪና ያልገባበት ቦታ አምሯቸው አያውቅም ነበር። ታንካ ሲመለስ አለም ክሪክ አብረውት መውረድ ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ አግዳሚ ወንበር ድረስ ብቻ። በወሩ ሦስተኛው ወንበር። በጸደይ ጫካውን ዞሩት፤ እየተሳደቡ ዞሩት። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ሶልያና ጉዞውን አዘጋጅታ ሁለቱንም አየር ማረፊያ አደረሰቻቸው። ጋሽ ሳህሌ ሦስቱንም አውሮፕላን በጣታቸው እየቆጠሩ ሄዱ።

የታንካ የትውልድ ከተማ ገደል ላይ ተደራርባ የተሠራች ናት፤ የትም ብትቆም ከራስህ በላይ አንድ ሰው ልብስ ያሰጣል። መናፈሻዋ ከሁሉም ታች፣ ወንዙ ዳር ናት። ወደ እሷ የሚወስደው ደግሞ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው።

«መኪና አይገባም?» አሉ ጋሽ ሳህሌ፣ እያዩት።

«ፍየልም ተጠንቅቃ ነው የምትወርደው» አለ ታንካ።

ወረዱ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ የታንካ ታላቅ እህት ማያ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴትዮ፣ በነጠላ ጫማ፣ አንድ ዘንቢል ብርቱካን ተሸክማ ጥላቸው አለፈች። ታች በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው ዘበኛ ጋር ታወራለች። ጋሽ ሳህሌ እያለከለኩ ሲደርሱ ዓይን ዓይናቸውን እያየች አንድ ነገር ተናገረች። ዘበኛው በሳቅ ፈነዳ።

«ምን አለች?»

ታንካ ራሱን አከከ። «አምናም መጥተህ ነበር ትላለች። ያኔ ግን ፈጣን ነበርክ።»

ጋሽ ሳህሌ ሳቃቸው ትንፋሻቸውን ቀማቸውና በሩን ይዘው ቆሙ። መላ መናፈሻው፣ ከዘበኛው ጀምሮ ሻይ እስከምታፈላው ልጅ ድረስ፣ ነገሩን ያውቃል ለካ። ከዚያ ወዲያ እንደ እንግዳ ያያቸው አልነበረም። አንዱ ሻይ አመጣላቸው፣ ሌላው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጋቸው። አንድ ጦጣ ከኮታቸው ኪስ ማያ የሰጠቻቸውን ብርቱካን መዥርጦ ወሰደና ዝግባ ላይ ወጥቶ፣ እያያቸው ልጣጩን ቁልቁል ወረወረባቸው። ጋሽ ሳህሌ ብዙ ሾፌር ሰድበዋል፤ ለጦጣውም ከዚያው መዝገብ መርጠው ሰጡት።

ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ወንዙ ዳር አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ዘለቀ። ጮኹ፣ ግን አላወጡትም። ታንካ አጠገባቸው ሆኖ ብርቱካን ይልጣል፤ ማያ ከኋላ ሆና ሁለቱንም ስለ ጉንፋን ትቆጣለች፤ ለዚያ አስተርጓሚ አላስፈለገም። እንዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ። ጋሽ ሳህሌ ያን ያህል ጊዜ ከሶፋቸው በቀር የትም ቦታ መሪ ሳይዙ ተቀምጠው አያውቁም።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ የመዝጊያው ፊሽካ ተነፋ። ታንካ ተነሣ። ማያ ዘንቢሏን አነሣች። ጋሽ ሳህሌ ንቅንቅ አላሉም። ፊሽካው ደገመ። ከዚያ ዘበኛው ራሱ መጥቶ ከጆሯቸው አጠገብ ለሦስተኛ ጊዜ ነፋው።

ዞር ሳይሉ፣ በንጹሕ አማርኛ መለሱለት። «ሰማሁ ልጄ፣ ሰማሁ። እግሬ ነው ያልሰማው።»