የየሺን ልብ ወለድ ይዤ ወደ ጎባ

ጎሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከቤቴ የወጣሁት አንድ መጽሐፍ እንዳይነበብ ለማድረግ ነው። ጎባ ላይ በየሁለት ወሩ የምንገናኝ አንባቢዎች አለን። ባለተራው በቅርቡ ያነበበውን ልብ ወለድ ቆሞ ይመክራል ወይም ይነቅፋል። ካስወደደው ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ካላስወደደው ይቀራል። ደራሲ ስለ ራሱ መጽሐፍ አፉን አይከፍትም። የዚህ ወር ባለተራ እኔ ነኝ። ሰብሳቢያችን ኦቦ ቃሲም የላኩልኝ ደግሞ የየሺን መጽሐፍ ነው።

የሺና እኔ ጎባ አብረን አስተምረናል። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር፤ ለሴት ተማሪዎች ልብ ወለድ አውስ ነበር። «ልጆቹን በፍቅር ታሪክ ታባልጋለች» ብላ ለርእሰ መምህሩ የነገረችው የሺ ናት። ቁልፉን አስረከብኩ። ይህቺው ሴት ጡረታ ወጥታ የፍቅር ልብ ወለድ ጻፈች።

ወደ ሮቤ

ስንዴው ታጭዷል፤ ኮምባይነሮቹ መንገድ ዳር ተደርድረዋል። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቀይ እስክሪብቶ የሞላውን ገጽ አይታ ፈተና እያረምኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ልብ ወለድ ነው» አልኳት።

«ልብ ወለድም ይታረማል እንዴ፣ እማማ?»

«የጻፈችውን ሴት ካወቅሻት ይታረማል።»

እስከ ስድሳኛው ገጽ ያላሰመርኩበት የለም። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ታሪኩ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያላት አንዲት መበለት አለች። ከገሰራ በየገበያው ቀን እህል ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ከእሷ ጋር ለማውራት ሲል ተራውን ለሌላው እየለቀቀ መጨረሻ ላይ ይቀራል። እሷም ታውቃለች፤ ዝም ትላለች። እዚያ ላይ እስክሪብቶውን ረሳሁት። ራሴንም ፈለግሁ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የለሁም። ይቅርታም ስድብም የለም። ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

ሮቤ ወርጄ ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮ በሻይ በላሁና የጎባውን ሚኒባስ ያዝኩ።

ጎባ፣ አምስት ሰዓት

ጭጋጉ ከተራራው አልወረደም፤ ብርዱ አጥንት ይነካል። የሺ የምንሰበሰብበት ቤት በር አጠገብ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሰላም አልተባባልንም።

ተነስቼ ከስሕተቱ ጀመርኩ። የገሰራው ገበሬ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያወራው ስል ቤቱ ሳቀ። የሺ አቀረቀረች። እዚያ ላይ ብቀመጥ የመጣሁበት ተፈጽሞ ነበር። ኦቦ ቃሲም ግን ከፊቴ ያለውን የእኔን ቅጂ ሲያገላብጡ ቆይተው ቀና አሉ።

«አዴ ዘነበች፣ ቀለሙ ስድሳኛው ገጽ ላይ ቆሟል። እስክሪብቶው አልቆ ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«አላለቀም» አልኩ።

ከዚያ የወፍጮ ቤቱን ነገር ነገርኳቸው፤ አንድ ገጽም አነበብኩ። ኦቦ ቃሲም ጠየቁኝ።

«እንግዲህ እናንብበው ወይስ እንተወው?»

«አንብቡት።»

መናኸሪያ ድረስ የሺ ተከተለችኝ። ይቅር ብያት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የተጠየቅሁት ስለ መጽሐፉ ነው» አልኳት። «ስላንቺ የጠየቀኝ የለም።»

ገበሬው ታዲያ እንዴት ያውራ አለችኝ። ገበያ ሄደሽ ስሚ ብያት ተሳፈርኩ።

ጎሮ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። መጽሐፉ ጥሩ ነው ብል የተበደልኩት ከንቱ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። አልሆነም። ቁልፌን ያስነጠቀችኝ እሷ ናት፤ ጥሩ ልብ ወለድም ጽፋለች። እናንተም አንብቡት፤ ኦቦ ቃሲም ዘንድ ተራ ያዙ። እኔና እሷ ሰላም ለመባባል ግን ገና ነን።