የእናቴ እርጥብ ጆንያ

እርጥብ ጆንያ በሸተተኝ ቁጥር አባቴን እቀየመዋለሁ፤ ትናንትም አቃቂ ገበያ መሀል ቆሜ ተቀየምኩት።

በንጉሡ ጊዜ የጨርቅ ፋብሪካ ፎርማን ነበር። እናቴ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ጠላ ጠመቀች። ጠላ የኮመጠጠባት ሴት ወሬዋ እስከ ቃሊቲ ይሄዳል። ስለዚህ የመጋቢት ሙቀት እንዳይጎዳው ጋኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ ጠዋትና ማታ ጉንጯን አስጠግታ ሙቀቱን ትለካ ነበር። አባቴ ከፋብሪካ ቴርሞሜትር ይዞ መጣ።

«በጉንጭ የሚለካው የሕፃን ትኩሳት ነው» ብሎ ጆንያውን ገፍፎ ጣለው። «ሙቀት ሲጨምር ሥራ ይፋጠናል!»

«ይተዉት፣ ትኩሳት ይይዘዋል» አለችው።

ጋን እንደሚታመም ያን ቀን ሰማሁና ጸለይኩለት። ጸሎቴ አልሠራም። በማኅበሩ ዕለት ቄሱ አንዴ ቀምሰው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። እናቴ አንገቷን ደፋች።

«ጌሾው ነው» አለ አባቴ።

ይኼኔ ቀና ብላ ትልቁን ዋንጫ ሞላችና በሁለት እጇ አቀረበችለት። «ይጠጡ እንጂ! በመለኪያዎ የጠመቁት ነው።»

ሰው ሁሉ እያየው እስከ አተላው ጠጣው።

ቴርሞሜትሩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ፤ በትክክል ይለካል። አባቴም እስኪሞት የተከራከረው ይህንኑ ነበር።