የቲጂ ኢንሹራንስ

ባለፈው ወር መስካት፣ ሩዊ ሰፈር፣ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። ውስጥ ያለችው ኦማናዊት ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኡኽቲ... ማፊ። የለም እህቴ።»

«ምኑ ነው ማፊ?»

«የባህሬኑ ዕቃ። በስምሽ የተመዘገበ የለም።»

«ተሳስተሽ ነው፣ እንደገና እይልኝ» አልኳት። እርግጠኛ ነበርኩ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። እኔ እዚሁ መስካት ሐምሪያ የሚባል ሰፈር አንድ ሳሎን ውስጥ ፀጉር እሠራለሁ። ከሥራ ውጪ ደግሞ ቲክቶክ ላይ የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ቀሚሶቹ ከአዲስ አበባ በሰው ይመጡልኛል፣ እኔ ከመስካት ዱባይም ኩዌትም ባህሬንም ላሉ ልጆች በካርጎ እልካለሁ።

ቲጂ አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምትሠራው፣ እንግሊዝኛዋ ውሃ ነው። ሽያጭ ስጀምር ኢንሹራንስ ያስመረጠችኝ እሷ ናት።

«የካርጎውን ኢንሹራንስ እንዳትይዢ» አለችኝ። «ዕቃሽ ቢበላሽ የሚከፍሉሽ በኪሎ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ደግሞ ምን ኪሎ አለው? ከነሱ ጋር የማይገናኝ ሌላ ኩባንያ አለ፣ በዋጋው ልክ የሚከፍል።»

አልጋ ላይ ተቀምጠን ውሉን ከስልኳ እያነበበች ተረጎመችልኝ። ውሃ ቢነካውስ? ይከፍላሉ። ባህሬን ብልክስ? ይከፍላሉ። ብቻ እያንዳንዱ ዕቃ ከመላኩ በፊት አፑ ላይ መመዝገብ አለበት። «እሱን ለኔ ተይው» አለች። ከዛ ወዲህ ቀሚስ በላክሁ ቁጥር የኢንሹራንሱን ክፍያ እጇ ላይ እሰጣታለሁ፣ እሷ ስልኳን ነካ ነካ ታደርግና «ኻላስ፣ አለቀ፣ ገብቷል» ትለኛለች።

በቅርቡ ራሄል የምትባል ባህሬን ያለች ልጅ የሠርግ ቀሚስ አዘዘችኝ። ሰው ቤት እየሠራች ከደሞዟ ቆርጣ ቆርጣ ነው የከፈለችኝ። ሳሽግ በቪዲዮ እያየችኝ «ሰብልዬ አደራ... ሌላ የለኝም» አለች።

«አትጨነቂ እህቴ፣ ኢንሹራንስ አለው» አልኳት። ቲጂ አጠገቤ ነበረች። ስልኩን ከእጄ ወስዳ «ሙሽራዬ!» ብላ እልል አለችላት።

ካርቶኑ ባህሬን ሲደርስ ውሃ ገብቶበት ነበር። ራሄል ቪዲዮ ላከችልኝ። ቀዩ ጥልፍ ለቅቆ ነጩን ደም አስመስሎታል። ቀሚሱን እያገላበጠች ታሳየኛለች።

ለቲጂ ሳሳያት ፊቷ ተለዋወጠ። ለኔ አዝና መሰለኝ። «አይዞሽ፣ እጠይቅልሻለሁ» አለች። በነጋታው «ፕሮሰስ ላይ ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ማናጀሩ ፈቃድ ወጥቷል» አለች። ሠርጉ እየደረሰ ነው። ጨነቀኝና እኔው ራሴ ልለምናቸው ብዬ ሳልነግራት ሩዊ ሄድኩ።

ልጅቷ እንደገና ፈለገችልኝ። «ቆይ... አንድ አለ» አለች። በደስታ ልጮህ ነበር።

«የዱባይ ነው። የቆየ። ከሱ በኋላ ምንም የለም።»

የዱባዩ የመጀመሪያ ሽያጬ ነበር።

ቤት ስገባ ቲጂ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነው። «ኢንሹራንሱ ጋ ሄጄ ነበር» አልኳት። ካውያውን አቆመች።

«ለምን ሳትነግሪኝ ሄድሽ?» ... ተቆጣች እኮ! እሷ እኔን!

«አላስመዘገብሽም ቲጂ።»

«የመጀመሪያውን አስመዝግቤ ነበር፣ በሰላም ደረሰ። ያለሱም የተላከው ደረሰ። ምንም ለማይጠፋ ዕቃ ፍሉሳችንን ለምን እንገብራለን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ከኔ መቀበሉን ለምን አላቆምሽም?»

«እያጠራቀምኩልሽ ነበር! የሆነ ነገር ቢፈጠር እኔ እከፍልሻለሁ ብዬ።»

«ይኸው ተፈጠረ። ክፈይ።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ከዛ ቀስ ብላ «ወንድሜ ባጃጅ ሲገዛ ጎደለበት... ልኬለታለሁ» አለች። ወዲያው ደግሞ ድምጿን ከፍ አድርጋ «በቃ ኢንሹራንስሽ እኔ ነበርኩ! ምን ልሁንልሽ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዛ ግን ሻወር ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። ላይቭ ገብቼ «ዕቃዬ በሙሉ ኢንሹራንስ አለው» ስል ከታች ልብ የምትልክልኝ እሷ ነበረች። የራሄልን ልመና በጆሮዋ ሰምታ፣ ካርቶኑ ያለ ኢንሹራንስ እንደሚሄድ እያወቀች ነው እልል ያለችው።

ለራሄል እውነቱን ነገርኳት። ስድብ ስጠብቅ «አንቺንም ጉድ ሠሩሽ?» ብቻ አለችኝ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ዋዲ ዓዳይ የሚባል ሰፈር እንደኔው ቀሚስ የምትሸጥ ልጅ አለች። ደንበኛ ስለምንሻማ ሰላምታ እንኳ የለንም። እሷ ጋ ሄጄ አለቀስኩባት። ለራሷ ያስቀመጠችውን የሠርግ ቀሚስ አውጥታ «ስታገኚ ትከፍይኛለሽ» አለችኝ። ወደ ባህሬን በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። እጅጌው ትንሽ ረዝሟል እንጂ ራሄል አምሮባት ተዳረች።

ቲጂ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። የሥራ ጓደኛዋ ጋ ገብታለች አሉ። ልጠላት ሞከርኩ፣ ግን ሻይ ሳፈላ እስካሁን ለሁለት ነው የምጥደው።

አሁን ዕቃዬን የማስመዘግበው ራሴ ነኝ። ውሉንም በትርጉም አፕ እየታገልኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ውሃ አለ፣ እሳት አለ፣ ሌባም አለ...

ጓደኛ የሚል ግን ፈልጌ አጣሁ።