ለጉዳይ የወጣው የእድር ጎላ

እንጉዳይ ላበቅልበት ያዘጋጀሁትን የመጀመሪያውን ጭድ አረንጓዴ ሻጋታ በላው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በትንሽ ድስት በሦስት ዙር ስቀቅል፣ አንዱ ሲሞቅ ሌላው እየቀዘቀዘ ሁሉንም አበላሸሁት። የቀረኝ አንድ ጠርሙስ የእንጉዳይ ዘር ነበር፤ እሱም ዛሬ ካልተዘራ ነገ አይሆንም። ያሠለጠነን ሰው እንዳለው ጭዱ በአንድነት፣ ሳይፈላ ግን በደንብ ሞቆ፣ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። ያን ሁሉ ጭድ በአንዴ የሚይዝ ዕቃ ደግሞ በቂርቆስ ሰፈራችን አንድ ብቻ ነው፤ ድንኳን ሲተከል ወጥ የሚሠራበት የእድሩ ትልቁ ድስት፣ ጎላው።

ሮጥኩ። የእድሩ ንብረት ያዥ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ የሚል ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንደፈለግኩት ሲጠይቁኝ ለእንጉዳይ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ቁልፉን አነሱ። እንዲህ በቀላሉ ይሰጡኛል ብዬ ስላላሰብኩ በደስታ ልበር ደረስኩ።

ሲዘፈዘፍ ያደረውን ጭድ በሁለት ማዳበሪያ ሞልቼ ጎላው ውስጥ ነከርኩት፤ እንዳይንሳፈፍ የእማዬን መጅ ጫንኩበት። ቴርሞሜትሩ ሰባ ሲገባ ብቻዬን አጨበጨብኩ። በቃ፣ ከዚህ በኋላ እሳቱን መጠበቅ ብቻ ነው።

ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ከበር ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። ጎላው ተጥዶ ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው። ማንም አልሞተም ብል ማን ይስማኝ። የታችኛው ቤት ጎረቤታችን አንገቴን አቅፋ ስታነባ፣ እኔ በትከሻዋ በኩል ቴርሞሜትሩን አያለሁ፤ ሰማንያን አልፏል። ከፈላማ አለቀልኝ። እንደታቀፍኩ በእግሬ እንጨቱን ከጎላው ሥር ገፍቼ አወጣሁት።

ወገቧን ይዟት ሁለት ሳምንት የተኛችው እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ወጣች።

"ማነው የሞተው?" አለች።

ለቅሶው ቆመ። የሆነውን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌው "እንጉዳይ" ያልኩትን "ጉዳይ" ብለው ሰምተው፣ ጎላ የሚያስወጣ ጉዳይ ደግሞ ሞት ነውና፣ እነዚያ ቤት ጉዳይ ገጥሟቸዋል ብለው ተናግረዋል። የእናቴን መታመም የሚያውቀው ሰፈር የቀረውን ራሱ ሞላው። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች፤ ሴቶቹም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

ሰዓቱ ሲሞላ ጭዱን አወጣነው። ለለቅሶ የመጣው እጅ ሁሉ በሳሙና ታጥቦ ጭዱን አጠንፍፎ አቀዘቀዘው፤ ዘሩን በየመሐሉ እየበተነ በላስቲክ ጠቀጠቀው። ብቻዬን ብሆን ግማሹን እንኳን አላደርስም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ላስቲኮቹ በሙሉ በእንጉዳዩ ስስ ክር ነጭ ሆኑ። አንድም አረንጓዴ የለም። ብዙም ሳይቆይ እንጉዳዩ እየተገፋፋ ወጣ፤ እየጮህኩ እናቴን ጠራኋት። ለጎረቤት ማካፈሉን ለማንም አልሰጥም ብላ ሳህኖቹን ፊቷ ደረደረች። ወደ ታችኛው ቤት የሚሄደውን ሳህን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

"እሷ ከልቧ ነው ያለቀሰችልኝ፤ ጨምሪላት" አለች።

ጨመርኩላት።