እኔ ዘንድ ሲደርስ የሚሞት ማውስ

ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ አንድ ሰው ሲቀመጥባት ሁለተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ሱቅ አለች። የሙደሲር ናት። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ስልክ፣ ቻርጀር፣ የመጣለትን ሁሉ ይጠግናል። አባቱ ከወሎ መጥተው እዚያችው ደረጃ ሥር ሰዓት ሲጠግኑ ነው ያረጁት፤ ልጁ ጠረጴዛቸውንም ችኮ አመላቸውንም ወርሷል። ዕቃው ለምን እንደተበላሸ ካላወቀ፣ ቢሠራለትም አይመልስም። አንዴ የኪቦርዴ ቁልፎች ተጣብቀው ብወስድለት፣ አንድ በአንድ ነቅሎ ከሥር ያገኘውን እያሳየ፣ «እትዬ ዓለምጸሃይ፣ ቆሎ እየበሉ ነው እንዴ የሚጽፉት?» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ እበላለሁ። ግን ምን አገባው?

እኔ ሥላሴ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቁጡ ነኝ፤ ይህንንም ሰፈሩ ያውቃል።

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ማውሴ ሥራ አቆመ። እጄን ብወስድ ብመልስ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ወይ ፍንክች። ነቅዬ ሰካሁት፣ ጠረግኩት፣ መታሁትም። ከዚያ ፒያሳ ወረድኩ። ሙደሲር ከላፕቶፑ ጋር ሲያገናኘው ቀስቷ ሽር አለች። «ምንም የለውም» ብሎ ሰጠኝ። ክፍሌ ስመለስ ሞተ። ማክሰኞ ወሰድኩት፤ እሱ ዘንድ ሠራ፣ እኔ ዘንድ ሞተ። ረቡዕ አዲስ አውጥቶ፣ ሲሠራ አሳይቶ ሸጠልኝ። ያም እኔ ዘንድ ሲደርስ ሞተ።

ሐሙስ ደሜ ፈላ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ፣ «አጭበርባሪ! የሞተ ዕቃ ትሸጥልኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። አጠገቡ ካልሲ የምትሸጠው ሳሊሀ አፏን ያዘች። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት ስልኳን ልታሠራ ገና መስጠቷ ነበር፤ ከእጁ መልሳ ተቀበለችውና ሄደች። ሙደሲር በዓይኑ ሸኛት። ሰው ዕቃውን ያለ ደረሰኝ ትቶለት የሚሄደው ስሙን አምኖ ነው፤ ከስሙ ሌላ ሀብት የለውም። ይህን እያወቅኩ ነው የጮህኩት።

መልሶ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ማውሱን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «እዚህ ይሠራል፣ እዚያ አይሠራም» አለ። «እዚያ ምን አለ? እስቲ ይውሰዱኝ።»

ሱቁን ዘግቶ፣ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ይዞ ተከተለኝ። መንገዱን ሁሉ በጥያቄ አደከመኝ። መብራት ይዋዥቃል? ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው ነክቶታል? ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምን ተለወጠ?

«ምንም አልተለወጠም አልኩህ!»

ክፍሌ ገብቶ ማውሱን የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካና ጠረጴዛዬ ላይ ገፋው። ሞተ። ሱቁ ውስጥ ሲሠራ በዓይኔ ያየሁት ላፕቶፕ! የሙደሲር ፊት በራ። «ኮምፒውተርዎ ነጻ ወጣ» አለኝ። ማውሱን አንስቶ ጉልበቱ ላይ ገፋው፤ ቀስቷ ሮጠች። ግድግዳው ላይ ገፋው፤ ሮጠች። ጠረጴዛው ላይ መለሰው፤ ቀጥ አለች። እኔም ንዴቴን ረስቼ፣ «እስቲ ወንበሩ ላይ! እስቲ በሩ ላይ!» እል ጀመር። በሩም ላይ ሠራ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገ። «ይሄ መስታወት መቼ ገባ?»

እሑድ ነው የገባው። እንደ ሰው ቢሮ ይምሰልልኝ ብዬ፣ በልክ አስቆርጬ፣ ከሥሩ ካላንደርና የቤተሰብ ፎቶ ደርድሬ ያለበስኩት መስታወት ነው። ማታውን ሦስት ጊዜ ወልውዬዋለሁ፤ እንደዚያ ኮርቼበት ነበር። ማውሱ ሆዱ ላይ ባለችው መብራት የሚሄድበትን እያየ ነው መንቀሳቀሱን የሚያውቀው፣ አለኝ ሙደሲር፤ መስታወት ሲሆንበት ብርሃኑ ያልፍና የሚያየው ያጣል። አንድ ወረቀት ከሥሩ አደረገለት። ሠራ።

አፈርኩ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሙዲ» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እሱ ገና ማውሱን ከመስታወቱ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ መስታወቱ እያመላለሰ ይስቅ ነበር። ቀና ሳይል፣ «እትዬ፣ እዚህ ማን ይሰማል?» አለኝ። «የሰደቡኝ እኮ እዚያ ነው።»

አብሬው ፒያሳ ወረድኩ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ስሰድበው በጮህኩት ድምፅ፣ ሙደሲር እንዳላታለለኝ፣ ጥፋቱ የእኔና የመስታወቴ እንደሆነ ተናገርኩ። ሳሊሀ ከት ብላ ሳቀች፤ የቆሙትም ሳቁ። አንዱ ወዲያው የተበላሸ ቻርጀር ሰጠው።

ስልኳን ይዛ የሄደችውን ሴት ግን እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እፈልጋታለሁ። ያን ቀን እየጮህኩ ስለነበር መልኳን በደንብ አላየሁትም።