የጣልኩት የማውጫ ደብተር

ለንደን ውስጥ ካርድ በፊደል ተራ በመደርደር የሚስተካከለኝ የለም። እሺ፣ ኪልበርን ውስጥ። እሺ፣ አንድ ክፍል ውስጥ።

ዛሬ ወደ ባተርሲ በሚሄድ ባስ ላይ እትዬ አስካለን አየኋቸውና ልደበቅ አሰብኩ። በዚህ ቁመቴ የት እደበቃለሁ?

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ኪልበርን በነበረን የማኅበር ቢሮ ቀድመው የመጡ ስደተኞች ስምና አድራሻ በካርድ ተይዟል። መዝገቡ ስለተዘጋ አዲስ ካርድ አይጨመርም፤ ዘመድ የሚፈልግ ሲመጣ ቼክ ማድረግ ብቻ ነው። ካርዶቹ በቁጥር ስለተቀመጡ የሰውን ቁጥር የምናገኘው ከማውጫ ደብተር ነበር።

እኔ ያኔ የማታ መሠረተ ትምህርት ገና መጨረሴ ነው፤ የባስ ትኬት ሳይቀር ጮክ ብዬ አነባለሁ። "ካርዶቹን በፊደል ተራ ከደረደርኳቸው ማውጫ ምን ያደርጋል?" አልኩ። ደረደርኳቸው፤ ደብተሩን ጣልኩት። ተጨበጨበልኝ!

በሳምንቱ እትዬ አስካለ ወንድማቸውን ፍለጋ መጡ። ወንድምየው ከአገር የወጣው በሰው ፓስፖርት ስለሆነ ካርዱ ላይ ያለው የፓስፖርቱ ስም ነው። እውነተኛ ስሙ የተጻፈው እኔ የጣልኩት ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

ወንድምየው ለካ እዚያው ለንደን፣ ቶተንሃም ነበር። የተገናኙት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እሱ አልጋ ላይ ከወደቀ ወዲያ ነው።

ዛሬ "አንተ፣ ያ ካርድ ደርዳሪው አይደለህም?" አሉኝ።

"ነኝ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ለእግዜር" ብለው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ።

እናንተስ፣ አያስፈልግም ብላችሁ የጣላችሁት ነገር ሰው ጎድቶባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።

የይቅርታዋን ነገር ግን ፈጥሬአታለሁ። "ይቅር ለእግዜር" አላሉም። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረዱ።