ላባውን የነጨው ማን ነው

ወይዘሮ ሳህሊቱ ወፍ ወደው አያውቁም። ባለቤታቸው አቶ በለጠም ይህንን ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ነው ከድሬዳዋ ካናሪ የሚባሉ ሁለት ቢጫ ወፎች በሽቦ ቤት ይዘው ጭሮ የገቡት። አቶ በለጠ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአዲስ አበባና በሐረር መካከል የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቤቱ ጭር አለባቸው። «ሞተር የለመደ ጆሮ ዝምታ አይችልም» አሉና የወፎቹን ቤት ሳሎኑ መስኮት ላይ ሰቀሉት። ወንዱ ይዘፍናል። ሴቷ አትዘፍንም፤ ትበላለች። ወይዘሮ ሳህሊቱ ስለ ካናሪ የሚያውቁት ይህንኑ ነበር።

አቶ በለጠ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ አረፉ። ልቅሶው በወጉ ሆነ። ዕድሩ ድንኳን ጣለ፤ ከሚኤሶም ከአሰቦትም ዘመድ መጣ። ችግሩ ወንዱ ካናሪ ነበር። አልቃሽ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እሱም ከፍ ያደርጋል። ወይዘሮ ሳህሊቱ የሽቦውን ቤት በነጠላ ሸፈኑት፤ አልተወም። አንድ የዕድር ሽማግሌ በለቅሶ ቤት ወፍ ሲዘፍን ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

«እኔም ሰምቼ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ። «እሳቸው ናቸው ያመጡት።»

አርባው እንደወጣ ወፎቹን ሊሰጡ ቆረጡ። ከቤታቸው ጎን የጨርቅ ሱቅ ያላት ሳፊያ፣ ከስልጤ መጥተው ጭሮ ከከተሙ ነጋዴዎች የተወለደች፣ ለልጇ ለአስማ እወስዳለሁ አለች። ልትወስድ የመጣች ዕለት ግን ሴቷ ካናሪ እንቁላል ታቅፋ ተገኘች።

ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«እንቁላል የታቀፈች ከቤት አላስወጣም» አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ።

«እኔም አልወስድም፤ ነውር ነው» አለች ሳፊያ። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ይቆዩ ተባለ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ወይዘሮ ሳህሊቱ፣ ሌላ የሚያደርገው ሰው ስለሌለ ብቻ፣ እንቁላል እየቀቀሉ አደቀቁላቸው፤ ኑግና ጎመንም ጨመሩ። ጫጩቶቹ አደጉ፣ ላባ አወጡ፣ ከጎጆው ወጥተው እንጨቱ ላይ መቆም ጀመሩ። ከዚያ አንድ ቀን ጀርባቸው ራቁቱን ተገኘ። ክንፍ አለ፣ ጭራ አለ፤ መካከሉ ግን የተላጨ ይመስላል። በማግስቱ አንገታቸውም ተከተለ።

ሳፊያ መጥታ አየች። «ዓይን ነው እትዬ» አለች። «ሰው እየመጣ አይቷቸዋላ።»

«ማን መጣ?»

ሳፊያ ትንሽ አሰበች። «እኔ መጥቻለሁ። ግን ማሻ አላህ ብያለሁ።»

ዓይን ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ በሽታ ከሆነ ግን ሐኪም ይጠየቃል ብለው ወይዘሮ ሳህሊቱ ሮቤልን አስጠሩ። ሮቤል የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሥራው ቆላ ወርዶ ግመልና ፍየል መከተብ ነው። አንዷን ጫጩት መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከመርፌዬ የምታንስ ታካሚ አጋጥማኝ አታውቅም» አለ። ከዚያ ሌሊት የሽቦውን ቤት በነጭ ጨርቅ እንዲሸፍኑት፣ ጠዋት ጨርቁ ላይ ቀያይ ነቁጥ ካዩ ተባይ መሆኑን እንዲያውቁ ነገራቸው። ሸፈኑት። ጠዋት ጨርቁ እንደነጣ ነበር። ሮቤል ተመልሶ መጣና የጫጩቷን ቆዳ በብርሃን አየው።

«ቆዳው ንጹሕ ነው። ላባው በራሱ አልረገፈም፤ ከሥሩ ተነቅሏል። የሚነጫቸው አለ። ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

ሮቤል ቀና ብሎ አያቸው።

«እኔ አይደለሁም» አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ።

«እርስዎ ነዎት አላልኩም እማማ። ብቻ ቁጭ ብለው ይዩ።»

መነጽራቸውን አድርገው ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ብዙም አልጠበቁ። እናትየዋ ከእንጨቱ ዘለለች፣ ወደ አንዷ ልጇ ተጠጋች፣ ከጀርባዋ አንድ ላባ ምዝዝ አድርጋ ጎጆው ውስጥ ወስዳ አነጠፈችው። ልጅቱ ጮኸች። እናትየዋ ሌላ ልትወስድ ተመለሰች። አባትየው በዚህ መሀል ይዘፍን ነበር።

«አንቺ ደግሞ እናት ተብለሽ» አሏት ወይዘሮ ሳህሊቱ። ከቤት ሊያስወጧትም ተነሥተው ነበር። ነገር ግን ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ ያደረጉት ትዝ አላቸው። ያኔ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር፤ ሮዳስ የተወለደች ጊዜ የታላቋን የኤደንን ካፖርት ተርትረው ለሕፃኗ ልብስ አድርገውታል። ኤደን ክረምቱን በሹራብ ብቻ ነው የጨረሰችው። ወይዘሮ ሳህሊቱ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሮቤል ካናሪ የሚያረባ ሰው አዲስ አበባ አፈላልጎ ጠየቀላቸው። ሰውየው እንዳለው፣ ሴቷ ሌላ እንቁላል ልትጥል ቸኩላለች፤ ጎጆዋ ውስጥ የምታነጥፈው ካጣች ከልጆቿ ትወስዳለች። ለስላሳ ነገር ይሰጣት፤ ጫጩቶቹም በሽቦ ይከለሉ፤ አባትየው በሽቦው ቀዳዳ ያበላቸዋል። ከሥሩ የተነቀለ ላባ ተመልሶ ይበቅላል።

ለስላሳ ነገር ሲባል ወይዘሮ ሳህሊቱ የታያቸው የባለቤታቸው ትራስ ነው። እሳቸው ካረፉበት ቀን ወዲህ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አቶ በለጠ «የአዋሽ ንጹሕ ጥጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ትራስ ጭሮ ውስጥ ማንም የለውም» እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተኩራርተውበታል። ወይዘሮ ሳህሊቱ ትራሱን እቅፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ መቀሱን አንሥተው ስፌቱን ፈቱት።

ስፖንጅ ነበር።

አንድ ቁራጭ ቆርሰው ለካናሪዋ ሰጧት። አየችውና ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ሳህሊቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ሳቃቸው መጣ። ከልቅሶው ወዲህ ስቀው አያውቁም ነበርና፣ ሰው ቢሰማ ምን ይላል ብለው ተነሥተው በሩን ዘጉት።

መላው የመጣው ከሳፊያ ሱቅ ነው። አንድ አሮጌ የቃጫ ጆንያ ሰጠቻቸው። ቀቅለው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ክሩን ተርትረው፣ እግሯን እንዳይተበትባት አሳጥረው ቆረጡት። ሴቷ ካናሪ ቀኑን ሙሉ ስታመላልስ ዋለች። ልጆቿን ረሳቻቸው።

ጫጩቶቹ ከሽቦው ማዶ ሆነው ላባ መልሰው አበቀሉ፤ መጀመሪያ እሾህ የመሰለ ነገር ብቅ አለ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ። የአንደኛዋ ብቻ ሙሉ በሙሉ አልተሳካም። ክንፏ ላይ አንድ ላባ መውጫ አጥቶ ቆዳዋ ሥር አበጠ። ሮቤል «አይነካ፤ እሷን ግን ከወንድ ጋር አያጣምሯት፣ በዘር ይተላለፋል» አለ። ስለዚህ እሷ ከእናትና ከአባቷ ጋር ቀረች፤ ሌሎቹን ጫጩቶች፣ ኋላ የተፈለፈሉትንም ጨምሮ፣ ሳፊያ ለአስማ ወሰደች። የቀረችው ስትበር ወደ አንድ ወገን ታጋድላለች፤ ካሰበችበት ሳይሆን ከደረሰችበት ታርፋለች። ወይዘሮ ሳህሊቱ በየማረፊያዋ ጨርቅ አነጠፉላት።

ክረምት ሲገባ ወንዱ ዘፈኑን አቆመ። ወለሉ በላባ ተሞላ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ ሳይለብሱ በባጃጅ ሮቤል ቤት ሄዱ።

«ሊሞት ነው» አሉት።

«ላባ እየቀየረ ነው እማማ። በየዓመቱ ነው። ላባ ሲቀይር አይዘፍንም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጨርስ።»

ቤቱ ጭር አለ። በዚያው ሰሞን ኤደን ከአዲስ አበባ ደወለች።

«እማዬ፣ ወፎቹን ሰጠሻቸው?»

«የሚሰጡትን ሰጠሁ።»

«የቀሩትስ?»

«ላባ እየቀየሩ ነው። እንዲህ ሆነው ለሰው አይሰጡም።»

«ቀይረው ሲጨርሱስ?»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩት።

«ያኔ ደግሞ መራቢያቸው ይደርሳል» አሉ።